ብሌድ በስክሪን ላይ፦ አንድ ገጸ ባሕርይ እንዴት ነፍስ እንደ ዘራና እንዴት እንደ ጠፋ (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩ

ብሌድን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ከፊልሙ ነው። ረጅም ጥቁር ካፖርት፣ ጥቁር መነጽር፣ ጀርባው ላይ ሰይፍ። ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብበን ፊልም እያየን ያደግን ሰዎች ይህን ምስል አንረሳውም። የኮሚክ መጽሐፍ ጀግና መሆኑን ያወቅነው ግን ብዙ ቆይተን ነው።

ስለ እሱ ለመጻፍ የተነሳሁት ጉዳዩ ለረጅም ጊዜ ስላሳሰበኝ ነው። ብሌድ ሁልጊዜም ያው የቫምፓየር፣ የደም መጣጭ ጭራቅ፣ አዳኝ ነው። ሰይፉም ጠላቱም ያው ናቸው። ሆኖም አንዴ በከሰረ ኩባንያ ስም ወጥቶ ሕዝብ አጨናነቀ። ሌላ ጊዜ በራሱ ፊልም ውስጥ እንግዳ ሆነ። ከ2019 ወዲህ ደግሞ አዲስ ፊልም ይሠራለታል ተብሎ ከቀን ወደ ቀን ሲገፋ ኖረ። ከኮሚክ፣ ከልቦለድ ወይም ከአፈ ታሪክ ገጸ ባሕርይ አውጥቶ ፊልም ለመሥራት ለሚያስብ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላገኘሁም።

ፊልሞቹን የሠሩትን ሰዎች በስም አልጠራም። የማነሳው ሥራቸውን ስለሆነ ጸሐፊው፣ ዳይሬክተሩ፣ ተዋናዩ እያልኩ እሄዳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው

አሜሪካ ውስጥ የኮሚክ አሳታሚዎች በ1954 ራሳቸው ባወጡት የሥነ ምግባር ደንብ ቫምፓየር መሳል ክልክል ነበር። ደንቡ የላላው በ1971 ነው። ማርቭል የተባለው አሳታሚ ወዲያው በ1972 ስለ ዝነኛው ቫምፓየር ድራኩላ ተከታታይ ኮሚክ ጀመረ። ብሌድ የተወለደው በዚህ ኮሚክ 10ኛ ቁጥር ላይ ነው፣ ሐምሌ 1973።

ያኔ ዋና ሰው አልነበረም። ድራኩላን ከሚያሳድዱት አንዱ ነው። የለንደን ልጅ ነው። አረንጓዴ ጃኬትና ትልልቅ መነጽር ያደርጋል፣ ደረቱ ላይ የእንጨት ቢላዎች ተደርድረዋል። እናቱን ምጥ ላይ እያለች ቫምፓየር ነክሶ ገድሏታል። በዚህ የተነሳ ቫምፓየር ቢነክሰው አይለወጥም። ከዚያ በቀር እንደ ማንኛችንም ሰው ነው። ቢወጉት ይደማል፣ ሲያረጅ ያረጃል።

ይህን አንድ ነጥብ ልብ በሉልኝ። የኮሚኩ ብሌድ ከጠላቱ የሚያገናኘው ቂም ብቻ ነው። እናቱን ገደሉበት፣ እሱም ይገድላል። ታሪክ ነው፣ ግን ቶሎ ያልቃል።

ችግሩ

በ1990ዎቹ አጋማሽ ብሌድን ፊልም ማድረግ በሦስት በኩል ፈተና ነበረው።

የመጀመሪያው የማርቭል ሁኔታ ነው። ኩባንያው በታኅሣሥ 1996 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ ፍርድ ቤት ገብቷል። ከዚያ በፊት በስሙ የተሠሩት የሲኒማ ፊልሞችም የሚያኮሩ አልነበሩም። በ1986 የወጣው ስለ አንድ ዳክዬ የሚያወራው ፊልም መሳቂያ ሆኗል። በ1990 የተሠራው ካፒቴን አሜሪካ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ሳይታይ በቀጥታ ቪዲዮ ሆኖ ወጥቷል።

ሁለተኛው የጊዜው ጣዕም ነው። በ1997 የወጣው የባትማን ፊልም በቀለሙና በቀልዱ ተተችቶ ነበር። ስለዚህ የኮሚክ ፊልም ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የልጆች ጨዋታ ነበር። የብሌድ ስክሪፕት ጸሐፊ ኋላ እንደተናገረው ስቱዲዮውም መጀመሪያ ያሰበው ወደ ቀልድ የሚያደላ ነገር ነበር።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል፣ የገጸ ባሕርዩ ቅለት። በእንጨት ቢላ ቫምፓየር የሚወጋ ሰው ለ10 ደቂቃ ደስ ይላል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ምኑን እናያለን?

የተወሰደው እርምጃ

ጸሐፊው ያደረገው ለውጥ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ብሌድን ክልስ አደረገው። እናቱ ስትነከስ የቫምፓየሩ ደም ወደ እሱም አልፏል። ጉልበታቸው አለው፣ ቁስሉ ቶሎ ይድናል። ፀሐይ አያቃጥለውም፣ ብርና ነጭ ሽንኩርትም አይገድሉትም። አንድ ነገር ግን አልቀረለትም። ጥማቸው። እሱም ደም ይጠማዋል።

ሌላው ሁሉ ከዚህ ተወለደ። ጥሙን የሚያስታግስለት መድኃኒት ያስፈልገዋል። መድኃኒቱን የሚያዘጋጅ ሰው ያስፈልጋል፣ ዊስለር የተባለው አንካሳ ሽማግሌ መጣ። ሰውነቱ መድኃኒቱን እየለመደው ስለሆነ ጊዜ ያጥረዋል። ቫምፓየሮቹ ደግሞ እርስ በርሳቸው አጥንት ይቆጥራሉ። ከቫምፓየር የተወለዱት ተነክሰው የሆኑትን ይንቃሉ። ዋናው ጠላት ዲከን ፍሮስት ከተናቁት ወገን ነው። ብሌድ ከሁለቱም ጋር አይሆንም፣ ከሰውም ጋር ሙሉ በሙሉ አይሆንም።

ይህ አዲስ መልክ ከፊልሙ በፊት በሌላ በር ብቅ ብሏል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በተላለፈው የስፓይደርማን ካርቱን ላይ ብሌድና ዊስለር ታይተዋል። ዊስለር ለፊልሙ ስክሪፕት የተፈጠረ ሰው ነው፣ ሕዝብ ፊት የቀረበው ግን በካርቱን ቀድሞ ነው። ካርቱኑ ለልጆች ስለሆነ ደም የሚለው ቃል ቀርቶ ፕላዝማ ይባል ነበር። አንዱ ገጸ ባሕርይ በጥርሱ በመንከስ ፈንታ በመዳፉ ላይ ባሉ መምጠጫዎች ይመጥ ነበር። እገዳው ምን ያህል ጥብቅ እንደነበር ከዚህ ይታያል።

ፊልሙን ኒው ላይን ሲኒማ የተባለው ስቱዲዮ በ45 ሚሊዮን ዶላር ሠራው። ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ እንዳይገባ ተደርጎ ለአዋቂ ተዘጋጀ። ዋናው ተዋናይ የካራቴ ጥቁር ቀበቶ ያለው ሰው ነው። ከመተወን አልፎ ከአዘጋጆቹ አንዱ ነበር፣ የድብድቦቹን ንድፍም አብሮ ሠርቷል። ዳይሬክተሩ ከልዩ ኢፌክት ሙያ የመጣ ነው።

ሁለት ትዕይንት በቅርበት

የመጀመሪያው ሁሉም የሚያስታውሰው ነው። አንድ ወጣት በአንዲት ሴት ተመርቶ ከከብት ሥጋ ማከማቻ ጀርባ ወደ ተደበቀ ጭፈራ ቤት ይገባል። ሙዚቃው ይደልቃል። ጣሪያው ላይ ካሉት የእሳት ማጥፊያ ቱቦዎች ደም መርጨት ይጀምራል። ወጣቱ ዙሪያውን ሲያይ የሚጨፍረው ሁሉ ጥርሱን አግጥጧል። ይደበድቡታል፣ በደም በጨቀየ ወለል ላይ እየተንፏቀቀ ይሸሻል። ከአንድ ቡት ጫማ ጋር ይፋጠጣል። ቀና ሲል ብሌድ ቆሟል።

ብሌድ አይናገርም። ቀድሞ የሚናገረው ሕዝቡ ነው። አንድ በአንድ ወደ ኋላ ይላሉ፣ ማንነቱንም እየተንሾካሾኩ ይነጋገራሉ። እኛ ስለ ሰውየው ገና ምንም ሳናውቅ ጭራቆቹ እንደሚፈሩት አወቅን። አንድ ደቂቃ ማብራሪያ የሚፈልገው ነገር በእነሱ ፊት ላይ ተነገረን።

ሁለተኛው ጸጥ ያለ ነው። ብሌድ በመጋዘን ውስጥ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ዊስለር መድኃኒቱን ይወጋዋል። ብሌድ በጥርሱ የሚነክሰው ነገር አፉ ውስጥ አድርጎ የወንበሩን እጀታ ጨብጦ ይንቀጠቀጣል። ያ ጭፈራ ቤት ሙሉ ቫምፓየር ያንበረከከ ሰው ከራሱ ደም ጋር ሲታገል እናያለን። የሚያጽናና ቃል የለም። ሽማግሌው ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሱስ ያለበት ሰው ቤቱ ያለ ሁሉ ይህን ትዕይንት ያውቀዋል ብዬ አምናለሁ።

ለእኔ ፊልሙ ሁለተኛው ትዕይንት ነው። የመጀመሪያው ባይኖር ትኬት አይሸጥም ነበር። ሁለተኛው ባይኖር ግን ከ25 ዓመት በኋላ ስለ ብሌድ አናወራም ነበር።

የሠራው

ፊልሙ በነሐሴ 1998 ወጣ። በዓለም ዙሪያ 131 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኤክስ-ሜን፣ ከአራት ዓመት በኋላ ስፓይደርማን ተከተሉ። በማርቭል ስም የሚሠራ ፊልም ሰው ሊያይ እንደሚችል መጀመሪያ ያሳየው ግን ብዙ ሰው ስሙን የማያውቀው ይህ ገጸ ባሕርይ ነው።

ሕጎቹን በጊዜ መናገራቸው ጠቅሟቸዋል። ዊስለር በታሪኩ ውስጥ ላለችው ሴት ሐኪም ሲያስረዳ እኛም እንሰማለን፦ መስቀል አይሠራም፣ ብር፣ ነጭ ሽንኩርትና ፀሐይ ይሠራሉ። ከዚያ በኋላ ማንም ግራ አይገባውም።

ሐኪሟ ራሷ ሌላ ጥሩ ውሳኔ ናት። የደም ሐኪም ናት። ከቫምፓየር ጋር የሚደረገውን ውጊያ ወደ ላቦራቶሪ ታመጣዋለች። የምትጠቀመው ኢዲቲኤ የተባለውን ኬሚካል ነው። ይህ እውነተኛ ነገር ነው። ጤና ጣቢያ ለምርመራ ደም ስንሰጥ ወይን ጠጅ ክዳን ባላት ትንሽ ቱቦ ውስጥ ያለው እሱ ነው። በደሙ ውስጥ ያለውን ካልሲየም ስለሚይዘው ደሙ አይረጋም። ፊልሙ ከዚህ ተነስቶ በቫምፓየር ደም ውስጥ ሲገባ እንዲያፈነዳ አደረገው። ፈጠራው ከእውነት ላይ ስለቆመ ያሳምናል።

በመጨረሻ ሐኪሟ ልታድነው እንደምትችል ትነግረዋለች። እሱ እምቢ ይላል። ትግሉ ስላላለቀ የተሻለ መድኃኒት እንድትሠራለት ብቻ ይጠይቃታል። ጥሙን ይዞ ይቀጥላል። ጸሐፊው መጀመሪያ ላይ ያነሳውን ነገር እስከ መጨረሻው አልጣለውም።

ትልቁ ማረጋገጫ ከኮሚኩ የመጣ ይመስለኛል። ፊልሙ በወጣ በዓመቱ፣ በ1999፣ ማርቭል በኮሚኩ ላይ ብሌድን በሌላ ገጸ ባሕርይ አስነክሶ የፊልሙን ዓይነት ኃይልና ጥም ሰጠው። ምንጩ ወደ ቅጂው ሄደ። ካፖርቱም አብሮ ተለወጠ።

ያልሠራው

መጀመሪያ የተቀረጸው መጨረሻ አልተሳካም። ፍሮስት የደም አምላክ ኃይል ሲያገኝ ወደ ትልቅ የደም አውሎ ይለወጥ ነበር። በኮምፒውተር የተሠራው ምስል አላሳመነም፣ በሙከራ ያዩት ተመልካቾችም አልወደዱትም። ሠሪዎቹ ጣሉትና እንደገና ቀረጹ። አሁን የምናየው ሁለት ሰው በሰይፍ የሚፋለሙበት ነው። እዚህም እዚያም የኮምፒውተር ደም ይታያል፣ ዛሬ ሲታይ አርጅቷል። ፍልሚያው ግን አላረጀም።

የገንዘቡ ነገርም አለ። ማርቭል ከመጀመሪያው ፊልም ያገኘው 25,000 ዶላር ብቻ እንደሆነ በሰፊው ተዘግቧል። 131 ሚሊዮን ካስገባ ሥራ ማለት ነው።

ሁለተኛው ፊልም በ2002 ወጣ። የተቀረጸው ፕራግ ነው። አዲስ ዳይሬክተር መጣ፣ ጭራቆችን ከልቡ የሚወድ ሰው። አገጫቸው ለሁለት የሚሰነጠቅ፣ ሌሎች ቫምፓየሮችንም የሚበሉ ፍጡሮች አመጣ። ብሌድ እሱን ለመግደል ከሠለጠኑ ቫምፓየሮች ጋር አብሮ እንዲዘምት ተገደደ። 155 ሚሊዮን ገደማ አስገባ። አንዳንድ ድብድብ ላይ ሰውየው በኮምፒውተር ምስል ሲተካ እንደ ላስቲክ ይንጠለጠላል፣ ያ ያስታውቃል። የተዋናዩ ትልቁ ሀብት እውነተኛ ሰውነቱ ሆኖ ሳለ እሱን መተካት ስህተት ነበር። በቀረው ግን የብሌድ ጥያቄ አልጠፋም። ከጠላቶቹ ወገን የሆነች ሴት ፀሐይ ስትወጣ ማየት እፈልጋለሁ ብላ በእጁ ላይ አመድ ስትሆን፣ ያ ክልስነት እንደገና ይሰማናል።

ሦስተኛው በ2004 ወጣ። በ65 ሚሊዮን ተሠርቶ 132 ሚሊዮን ገደማ አገኘ። ዳይሬክተሩ ሌላ ሰው አልነበረም፣ የሦስቱም ፊልሞች ጸሐፊ ራሱ ነው። ብሌድን ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው ማለት ነው። ይህ ነው የሚያሳዝነኝ። ሁለት ወጣት አዳኞች ተጨመሩ፣ አንደኛው ከአፉ ቀልድ አይጠፋም። ድራኩላም መጣ። ካሜራው ሁሉንም ለማዳረስ ሲሮጥ ብሌድ ጥግ ይዞ ቆመ። ጥሙ የቀረ ይመስላል። ሰዎች እየቀለዱ በአጠገቡ ያልፋሉ። ከፊልሙ በኋላ ዋናው ተዋናይ ከውሳኔ ተገለልኩ፣ ክፍያዬም ጎደለ ብሎ በ2005 ስቱዲዮውን ከሰሰ።

በ2006 በኬብል ቴሌቪዥን ተከታታይ ሆኖ መጣ፣ ሌላ ተዋናይ ይዞ። ታሪኩ ዲትሮይት ላይ ነው። ከብሌድ ይልቅ የወንድሟን ገዳይ የምትፈልግ የቀድሞ ወታደር ሴት ታሪክ ጎልቶ ወጣ። ከአንድ ምዕራፍ አላለፈም። በ2011 ጃፓን ውስጥ 12 ክፍል ያለው አኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ተሠርቷል።

ስለ አንድ የተለመደ አባባል

ብሌድ በሲኒማ የመጀመሪያው ጥቁር ልዕለ ጀግና ነው ሲባል እሰማለሁ። አይደለም። በ1993 ሚቲዮር ማን፣ በ1997 ስቲልና ስፖን ነበሩ። ብሌድን የለየው ሌላ ነገር ነው። ፊልሙ ጥቁርነቱን ሊያብራራ አልሞከረም፣ በእሱም አልቀለደም። ስለ ደም ንጽሕና፣ ስለ ክልስና ስለ ዘር ንቀት ሙሉ ታሪክ ነግሮን ስለ ቀለም ንግግር አላደረገም። ገብቶናል።

ለሌላ ሥራ የሚሆነው

ገጸ ባሕርይ ይዞ ወደ ፊልም ለሚሄድ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ይችላል የሚለው አይመስለኝም። ማንም ሳይነካው፣ ብቻውን ወንበር ላይ ሲቀመጥ ምን ያመዋል? የኮሚኩ ብሌድ ለዚህ መልስ አልነበረውም። ጸሐፊው ሰጠው። ለዋናው ጽሑፍ ታማኝ መሆን ማለት ጃኬቱን አረንጓዴ ማድረግ ቢሆን ኖሮ ይህ ፊልም አይኖርም ነበር።

ያ ሕመም ከተገኘ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱን ተጨማሪ ሰው በእሱ መመዘን ይቻላል። ዊስለርና ሐኪሟ ሁለቱም ከጥሙ ጋር የተያያዘ ሥራ አላቸው። የሦስተኛው ፊልም ወጣቶች የላቸውም። ስክሪፕት ሲነበብ በኅዳጉ ላይ ምልክት እያደረጉ ይህን መቁጠር ቀላል ነው።

ተዋናይ መምረጥ ላይ፣ ይህ ሰው ፊቱ ስለታወቀ ብቻ አልተመረጠም። በሰይፍ ሲዞር ካፖርቱ የሚወድቅበትን ቦታ የሚያውቅ ሰውነት ነበረው። አዘጋጅም ስለነበር ያ እውቀት ወደ ውሳኔው ይገባ ነበር። ተዋናዩና ውሳኔው ሲለያዩ ፊልሙም ተበታተነ።

ውድ የሆነን ነገር መጣል ላይ፣ የደም አውሎው ገንዘብ በልቶ ነበር። ተመልካች አልወደደውም ሲባል ይከላከሉለት ይሆናል ብዬ እጠብቅ ነበር። ጣሉት። ፊልሙ ዛሬም የሚታየው በዚያ ድፍረት ነው።

ውልን በተመለከተ ለባለ መብቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። 25,000ና 131 ሚሊዮን አጠገብ ለአጠገብ ይጻፉና ግድግዳ ላይ ይለጠፉ።

አሁን ያለበት

በ2019 ሳን ዲዬጎ ላይ ማርቭል አዲስ የብሌድ ፊልም እንደሚሠራ አስታወቀ። የተመረጠው ተዋናይ ሁለት ኦስካር ያለው ሰው ነው። በ2021 በሌላ የማርቭል ፊልም መጨረሻ ላይ ድምፁ ተሰማ፣ መልኩ ግን አልታየም። ከዚያ አንዱ ዳይሬክተር በ2022 ለቀቀ፣ ተተኪውም በ2024 ሄደ። ጸሐፊዎች ተፈራረቁ። በ2023 እንደተዘገበው ከረቂቆቹ በአንዱ ብሌድ አራተኛ ሰው ሆኖ ነበር። የመውጫው ቀን ከ2023 ወደ 2024፣ ከዚያ ወደ 2025 ተገፋ። በጥቅምት 2024 ከቀን መቁጠሪያው ጭራሽ ወጣ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ የመጀመሪያው ተዋናይ ሳይታሰብ በዴድፑልና ዎልቨሪን ፊልም ላይ ካፖርቱን ለብሶ ብቅ አለ። በማርቭል ገጸ ባሕርይነት ከመጀመሪያው ጊዜ 25 ዓመት ከ340 ቀን ሆኖት ስለነበር ጊነስ በክብረ ወሰንነት መዘገበው። ሲኒማ ውስጥ ሰው ሲጮህ የነበረው ካፖርቱን አይቶ አይመስለኝም።

ለአዲሱ ፊልም በ1920ዎቹ ዘመን መልክ የተዘጋጁ ልብሶች ነበሩ። ፊልሙ ሳይቀረጽ ሲቀር የልብስ ዲዛይነሯ በ1932 ሚሲሲፒ ውስጥ የሚሆን ሌላ የቫምፓየር ፊልም ላይ ትሠራ ነበር። ልብሶቹ በዋጋቸው ተሸጡለት። ያ ፊልም፣ ሲነርስ፣ በ2025 ወጣ። ለብሌድ የተሰፉት ልብሶች እዚያ ውስጥ፣ በሌሎች ሰዎች ላይ ይታያሉ።